በቅሎዋን ማን አያት?

የዛሬው ደብዳቤ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እታለም ሰላም ነሽ ወይ። ስሜ ይቅር፣ ጨዋታው ውስጥ የጣርማበሩ ዘበኛ ይሉኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቴሌግራም ላይ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ጌም ጀመርን፣ ምስል የለው ምን የለው፣ ሁሉም ካራክተር፣ ታሪኩ ውስጥ የሚሆነውን ሰው፣ ይፈጥራል፣ እኔ ሁኔታውን ፖስት አደርጋለሁ፣ ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይጽፋል፣ ዳይስ የሚጥል ቦት፣ በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም፣ አለን፣ ተልዕኮውንም የየሰፈሩንም ታሪክ የሚጽፉት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ዓለሙ የኛኑ አገር ነው የሚመስለው፣ ገደል፣ ጉም፣ ዋሻ፣ የድሮ ነገሥታት ዘመን ዓይነት። መጀመሪያ እሳት ነበር፣ ስልኬ አያስተኛኝም ነበር። አሁን 340 ሰው አለ፣ የሚጽፉት ግን እነዛው አምስት ሰዎች ናቸው። የሚጻፈውም አንድ ዓይነት ሆነ፣ ሁሉም ካራክተር መንደሩ የተቃጠለበት ወላጅ አልባ ጦረኛ ነው፣ ሁሉም ሊበቀል ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ደሞ ኤአይ አስጽፎ ይለጥፋል፣ ያስታውቃል። አዲስ ሰው ይገባል፣ ሁለት ቀን ያይና ዝም። ነባሮቹ ታሪኩን ሳታነብ ለምን ትጽፋለህ ብለው ይቆጡታል። እኔ እንዳይሞት ብዬ ማታ ማታ እስከ 7 ሰዓት ብቻዬን እየጻፍኩ ነው፣ እጮኛዬም የምታገባው እኔን ነው ግሩፑን ብላኛለች። የካርድ ሽልማት ላድርግ? ወይስ እኔም በኤአይ ልሙላው? ወይስ ዘግቼው ልረፍ? ስክሪንሾት ልኬልሻለሁ፣ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ወንድሜ ዘበኛው፣ ቁርጡን ካልክማ ይኸውልህ፣ አትዝጋው፣ ካርድም አትስጥ፣ በኤአይም አትሙላው፣ ዛሬ ማታ ደሞ በ4 ሰዓት ተኛ። ምክንያቱን እዘረግፈዋለሁ፣ ረዘም ይላል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ከቁጥሩ እንጀምር፣ ካስጨነቀህ ነገር ግማሹ እሱ ይመስለኛል። ከ340 ሰው አምስት ብቻ ይጽፋል ብለህ እንደ ትልቅ ውድቀት ነው ያወራኸኝ። ያኮብ ኒልሰን የሚባል የድረ ገጽ አጠቃቀም የሚያጠና ሰው በፈረንጆቹ 2006 የጻፈው ነገር አለ፣ ኦንላይን የተሰበሰበ ሰው 100 ቢሆን በግምት 90ው አንብቦ ዝም የሚል ነው፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ ብዙውን ሥራ የሚሰራው 1 ሰው ነው ይላል። እስቲ ባንተ ግሩፕ አስላው፣ ዘወትር የሚጽፍ 3 ወይ 4 ሰው ቢኖርህ ነው፣ አንተ አምስት አለህ፣ ምን ሆንክ? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ አልፎ አልፎ ብቅ ማለት የነበረባቸው ወደ 30 የሚጠጉት ልጆች የት ገቡ? ጨዋታ የሚታደሰው በነሱ ነው። አምስቱማ ምን ያርጉ፣ ያላቸውን ጨርሰዋል፣ ሰው ስንት ጊዜ ነው ከራሱ ጆንያ እየቆነጠረ የሚኖረው።

እኔም እንዳንተ አብጄ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሆኜ፣ ዶርም ውስጥ፣ ያንን የደብረ ብርሃን ብርድ ታውቀው የለ፣ ከብርድ ልብሱ አንድ ጣት ብቻ አውጥቼ እየነካካሁ፣ እንዳንተው በጽሑፍ የሚጫወት ጌም አስተዳድር ነበር፣ ወደ ስልሳ ሰው ነበርን። ሰው ሲቀዘቅዝ እኔ ባሰብኝ፣ ንጉሡን ጻፍኩ፣ የንጉሡን አማች ጻፍኩ፣ የአማቹን የሴራ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በአንድ ሳምንት 14 ረጃጅም ፖስት ለጥፌያለሁ፣ ቴሌግራም ከ4096 ፊደል በላይ በአንድ መልዕክት አላሳልፍም ሲለኝ ለሁለት እየቆረጥኩ። የልብ ምልክቱ ይጎርፋል፣ የሚጽፍ ግን የለም። በኋላ አንዷን ተጫዋች ካፌ አግኝቻት ለምን ተውሽ ብላት «ኧረ አልተውኩም፣ ሁሌ አነባለሁ፣ በጣም ነው የምትጽፊው፣ ግን ምኑ ላይ እንግባ? አንቺው ጨርሰሽው ነው እኮ የምትሰጪን» አለችኝ። በር የሌለው ቤት ሰርቼ ነው ለካ ሰው አልመጣልኝም ብዬ የማለቅሰው። ጨዋታው ከዛ በኋላ ሁለት ወር አልቆየም፣ ማንም ላይ አላላክክም፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።

አሁን ልጅ ሆነን ምድጃ ዳር የምንጫወተውን ላስታውስህ። እንቆቅልህ። ምን አውቅልህ። ይጠየቃል፣ መላሹ ካላወቀው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፣ መላሹ «መሀል ሜዳን ሰጥቼሃለሁ» ይላል፣ ጠያቂው ካልጣመው እሱንስ አልፈልግም ሌላ ይላል፣ ሲጥመው አገሩ ገብቶ የበላውን የጠጣውን እያወራ ተሸናፊውን ልክ ልኩን ይነግረዋል፣ ከዛ ተራው ይዞራል። አንኮበር አያቴ ቤት ይሄን ስንጫወት በአንድ ማታ ሸዋን በሙሉ ሰጥተን ጨርሰን ወሎ እንሻገር ነበር። እና አስተውለው እስቲ፣ አድሚን የለውም፣ ቁጭ ብሎ ይዘት የሚያዘጋጅ ሰው የለም። ያላወቀው ልጅ እንኳን ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የሆነ ነገር መስጠት አለበት፣ የሰጠው ነገር ደሞ ወዲያው ሌላው ልጅ አፍ ውስጥ ገብቶ ሥራ ይሰራል።

አንተ ጋ የጠፋው እሱ ነው። ሰው ይጽፋል፣ የጻፈው ግን ማንም ጋ አይደርስም፣ ሁለት ልብ ያገኝና ወደ ላይ ተንሸራቶ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ቀን አንተ የራስህን ታሪክ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። እኔ የሰጠሁህን አገር ማንም ካልገባበት ሁለተኛ ለምን እሰጥሃለሁ?

ስለዚ ያንን ዳይስ የሚጥለውን ቦት ሥራ እንስጠው። ከዛሬ ጀምሮ 1 የወጣለት ሰው አገር ይስጥ። ተሸነፍክ ተብሎ ብቻ አይለፍ፣ ካርታው ላይ ያልነበረ አንድ ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር፣ ስሙንና አንድ ነገሩን። «ገደሉ ስር ደረቅ ምንጭ የሚባል ሰፈር አለ፣ ውሃው ማታ ብቻ ነው የሚፈሰው» በቃ። ያሸነፈው ሰው ደሞ በሚቀጥለው ፖስቱ እዛ ሰፈር ይገባል፣ ግዴታው ነው። ትንሽ ሳምንታት ጠብቅ፣ አንተ ያልጻፍካቸው ቦታዎች ይኖሩሃል፣ መሸነፍም ያስጎመጃል።

ከዊኪፒዲያም የምትሰርቀው አለ። እዛ ጽሑፍ ውስጥ ገና ያልተጻፈ ርዕስ ሲጠቀስ በቀይ ይታያል አይደል፣ ነካ ስታደርገው ባዶ ገጽ ይመጣል፣ ደስ ካለህ አንተው ጻፈው ነው ነገሩ። አንተም እንደዛ ቀይ ነገር ሆን ብለህ ትተህ እለፍ። ንጉሡ ታናሽ እህት አለችው በል፣ ስሟን አትጥራ፣ ለምን ከቤተ መንግሥት እንደወጣች አትናገር። ዋሻው ውስጥ ሦስት በር አለ በል፣ ሁለቱን ብቻ ግለጽ። መልሱን ብታውቀው እንኳን ዋጠው፣ እንደውም ባታውቀው ይሻላል።

አሁን ወደላክልኝ ስክሪንሾት። «ውድ ተጫዋቾች፣ ዛሬ ምን ይፈጠር ትላላችሁ? ሃሳባችሁን በነጻነት አስቀምጡ» ብለሃል፣ 3 አውራ ጣት፣ አንድ «አሪፍ ነው አድሚን»፣ አለቀ። እኔም ብሆን አልጽፍልህም። ሜዳ ላይ አቁመኸኝ ሩጪ ብትለኝ ወዴት ልሩጥ? ሰው የሚጽፈው ጠበብ ያለ ነገር ሲያገኝ ነው። እንዲ ብትለውስ፣

«የሰላ ድንጋዩ ነጋዴ በቅሎው ጠፍታለች። ኮርቻዋ ስር የታሸገ ደብዳቤ አለ፣ ለማን እንደሆነ ነጋዴው አይናገርም። ትናንት ማታ በቅሎዋን ያየ ሰው የት እንዳያት ይናገር። ከሁለት መስመር በላይ የጻፈ አይቆጠርለትም።»

በቅሎ ለማየት የሁለት ዓመት ታሪክ ማንበብ አያስፈልግም። ጀግና መሆን አያስፈልግም። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ባጃጅ ውስጥ ተጣቦ ይጽፋታል። ሁለት መስመር ደሞ አያሳፍርም፣ እኛ ሰዎች እንደምታውቀው ጽሑፋችን እንዳይሳቅበት በጣም ነው የምንፈራው፣ ያ የአንባቢ መዓት ዝም ያለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ አምስቱ ጎበዞች አንድ ገጽ ሙሉ ሲጽፉ እያየ «የኔ አንድ መስመር ምን ትሰራለች» እያለ ነው ያጠፋት፣ ጽፎ ያጠፋ ስንት ሰው እንዳለ ብታውቅ። ላለመጻፍ ምክንያት ካሳጣኸው ይጽፋል።

ዋናው ግን ከዛ በኋላ አንተ የምታደርገው ነው። ሦስት ቀን ጠብቅ፣ ከመጣው መልስ ሁለቱን ምረጥና እውነት አድርጋቸው። አንዱ «ወንዝ ዳር ውሃ ስትጠጣ አይቻታለሁ፣ አንድ እግሯ ነጭ ነው» አለ እንበል። ሌላዋ «ኧረ ድፍን ጥቁር ናት፣ ኮርቻም የላትም፣ ሴትዮ ናት የምትጎትታት» አለች። እንዳታርም! እጅህን ሰብስብ! ሁለት በቅሎ አለ ማለት ነው፣ ወይም አንዱ ዋሽቷል፣ ከዋሸ ደሞ ለምን ዋሸ? ይሄ ብቻውን ስንት ሳምንት ያጫውታችኋል። በሚቀጥለው ፖስትህ ላይ የሁለቱንም የካራክተር ስም ጥራ፣ «እነ እከሌ እንዳዩት ነጋዴው ወደ ወንዙ ወረደ» በል። ያ ልጅ ስሙን ታሪኩ ውስጥ ሲያየው ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርህ፣ ስክሪንሾት አድርጎ ለእህቱ ነው የሚያሳያት። የሚጋጭ ነገር ሲያይ «ይሄ ከታሪኩ ጋር አይሄድም» እያለ የሚያስተካክል አድሚን አለ፣ እሱ ሰውዬ ጨዋታ እንደ ሒሳብ ደብተር እንዲወራረድለት ነው የሚፈልገው፣ አንተ እንዳትሆን (እኔ ነበርኩ)።

ወላጅ አልባው ጦረኛ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዛ ተውኩት። እኛ አካባቢ መንደር ተቃጠለ ማለት ለሁሉም ሰው ልቦለድ አይደለም፣ ታውቀዋለህ። አንዳንዱ ልጅ ከፊልም ቀድቶት ነው፣ አንዳንዱ ግን ሌላ የሚናገርበት ቦታ አጥቶ ሊሆን ይችላል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ከፖስቱ አታውቅም። ስለዚ አትከልክል፣ ግሩፑ ላይም እንዳታሾፍበት። የቦታ ስም ይግባ ግድ የለም፣ የእውነት ብሔርና የዚህ ዘመን ጦርነት ግን ጨዋታው ውስጥ አይገባም ብለህ በግልጽ ጻፍ፣ ያስገባ ሰው በውስጥ በለሆሳስ ይነገረው።

ድግግሞሹ ግን ግማሹ ያንተ ፎርም ነው የሚያመጣው። አየሁት፣ ካራክተር ለመክፈት «ስም፣ ዕድሜ፣ መሳሪያ፣ ያለፈ ሕይወት» ይላል። መሳሪያህ ምንድነው ብለህ ከጠየቅከው በኋላ ሸማኔ ይሆንልሃል ብለህ ነው? ያለፈ ሕይወት ሲባልም ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐዘን ነው፣ ከሐዘን ቀጥሎ በቀል ነው፣ በቀለኛ ደሞ ብቻውን ነው የሚሄደው፣ ከማንም ጋር ጉዳይ የለውም፣ ለዛ ነው ታሪኮቹ የማይገናኙት። ፎርሙን ቀይረው፣ ጎረቤትህ የሚያማህ በምንድነው በለው፣ እጅህ ምን ያውቃል በለው፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ግሩፑ ውስጥ ካለ ካራክተር የማን ብድር አለብህ በለው። ብድር ያለበት ሰው ብቻውን መሄድ አይችልም። የመንዝ በርኖስ ሻጭ ሆኖ ለዛ ለፎካሪው ጦረኛ ሁለት በግ ያልከፈለ ሰውዬ ይምጣልህ፣ ጦረኛውም ሳይወድ በግድ ገበያ ይወጣል፣ ፉከራውን ትቶ በግ ሲቆጥር እናየዋለን።

ኤአዩን በተመለከተ፣ የሚለጥፈውን ልጅ አታሳድደው። ማሳደድ ከጀመርክ አማርኛው ያማረለት ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል፣ የራሱን የጻፈ ልጅ ይከሰስና ያኮርፋል፣ ይሄ ሲሆን አይቻለሁ። ጥያቄህን ቀይረው ብቻ፣ «ዛሬ በዓይንህ ያየኸው ወይ በአፍንጫህ የሸተተህ አንድ ነገር ይኑርበት» በል። ከላክልኝ ስክሪንሾት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ላስቀምጣቸው። አንዱ «ደፋሩ ተዋጊ በጨለማው ጫካ ውስጥ በልበ ሙሉነት ተራመደ፣ ዕጣ ፈንታውም ከፊቱ ይጠብቀው ነበር» ይላል፣ ፊደሉ የጸዳ፣ ነጥቡ በቦታው። ሌላው «ጣርማበር ላይ ጉሙ ወርዶ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ጀርባው ብቻ ነው ሚታየኝ በርኖሱ እርጥብ በግ በግ ይሸታል» ይላል፣ አራት ነጥብ የለው ምን የለው። ለየትኛው ሪፕላይ መጣለት? አየህ፣ ሰውዬው ማነው ብለው ሰባት ሰው ጠይቀዋል። ለደፋሩ ተዋጊ አንድ እሳት ብቻ ነው የወጣለት። አንተ ራስህ በኤአይ ከሞላኸው ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ አድሚኑ ሊጽፈው ያልደከመበትን እኛ ለምን ልናነበው እንድከም ይሉሃል፣ እውነታቸውን ነው። የሁለት ዓመቱን ፖስት ለማሳጠር ተጠቀምበት፣ ለሱ ይሆናል፣ ግን መስመር በመስመር አይተህ፣ ያልሞተ ሰው ገድሎ ይጽፍልሃል።

ማሳጠር ስል፣ አዲስ የገባው ልጅ ግሩፑ አናት ላይ ፒን የተደረገውን ሲከፍት የሚያገኘው 11 ገጽ ፒዲኤፍ ነው፣ ርዕሱ ደሞ «ከመጻፍህ በፊት የግድ አንብብ»። ይሄ የፍርድ ቤት መጥሪያ እንጂ ጨዋታ ነው? ፒዲኤፉ ለሚወደው ሰው ይቀመጥ፣ ፒኑ ላይ ግን ሦስት መስመር ብቻ ይሁን፣ አሁን የት ነን፣ ምን ጠፋ፣ ዛሬ አንተ ምን ልትጽፍ ትችላለህ። ሰኞ ሰኞ ቀይረው። ነባሮቹን ደሞ አትቆጣቸው፣ የሚቆጡት ስለሚወዱት ነው፣ ሹመት ስጣቸው። አምስቱም የአገር ሽማግሌ ይሁኑ፣ ሥራቸው አዲስ ሰው በጻፈ በአንድ ቀን ውስጥ በካራክተራቸው ሆነው መመለስ ነው። ልጁ ሳያውቅ የሞተውን ንጉሥ በሕይወት አለ ብሎ ጻፈ? «ልጄ፣ ከሩቅ አገር መጣህ መሰለኝ፣ ወሬው አልደረሰህም፣ ና ግባ ጠላ ጠጣ» ይበሉት። ስህተቱም ታረመ፣ ልጁም ቤት ገባ።

አንድ ደንብ ግን ጠበቅ አድርግ፣ ሙከራውን አንተ ጻፍ፣ ውጤቱን ሌላው ይጽፈዋል ወይ ዳይሱ ይወስነዋል። «መታሁት» አይባልም፣ «ሰነዘርኩበት» ነው የሚባለው። ስክሪንሾቱ ላይ ያ ሁሌ የሚያሸንፈው ልጅ በአንድ ፖስት 12 ሰው ገድሎ ዋሻውን ዘግቶ ልዕልቲቱን አግብቶ ወጣ፣ ከሱ በኋላ የሚጽፍ ሰው ምን ቀረለት? ለቅሶ መድረስ ነው። እሱን ልጅ ግን አታባርረው። ሪቻርድ ባርትል የሚባል እንግሊዛዊ አለ፣ በፈረንጆቹ 1978 ከሮይ ትራብሾው ጋር ሆነው ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማድ የሚባለውን ብዙ ሰው አንድ ላይ በጽሑፍ የሚጫወተውን ጌም የሰሩት ናቸው፣ ያንተ ግሩፕ የልጅ ልጃቸው ነው በለው። ባርትል በ1996 ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸው ጽፏል፣ ማዕረግና ነጥብ ሰብሳቢው፣ ጥጋጥጉን አሳሹ፣ ለሰው ብሎ የሚመጣው፣ ሌላው ላይ ካልበረታ ደስ የማይለው። ያንተ ተልዕኮ ሁሉ ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ነው የተሰፋው፣ ግደል፣ አምጣ፣ ተሸለም። ለአሳሹ ሦስተኛውን በር ተውለት፣ ለጨዋታ ለሚመጡት ደሞ ገበያና ሰርግ ስጣቸው። ሰርግ እኮ አልሞከርክም! አንድ የሃበሻ ሰርግ ስንት ጠብ ስንት ሴራ ስንት ግጥም እንደሚያወጣ እኔ ልንገርህ?

ካርዱ። ሞክሬዋለሁ፣ የሳምንቱ ምርጥ ጽሑፍ የ50 ብር ካርድ ብዬ። የመጀመሪያው ሳምንት ጽሑፍ ጎረፈ፣ ሁለተኛው ሳምንት ለእከሊት አዳላሽ ተባልኩ፣ አራተኛው ሳምንት ብሬ ሲያልቅ ካርዱን ስተው ሁሉም ተወ፣ ድሮ በነጻ ይጽፉ የነበሩትም ጭምር! በኋላ ነው አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1973 በሕጻናት ላይ ያደረጉትን ጥናት ያነበብኩት፣ ሥዕል መሳል የሚወዱ ልጆችን ከሳላችሁ የወርቅ ማኅተም ያለው ሰርተፊኬት እንሰጣችኋለን አሏቸው፣ ሰጧቸውም፣ ከቀናት በኋላ ሲያዩዋቸው ልጆቹ ቃል ካልተገባላቸው ይልቅ ለመሳል ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኘ። እኔ ይሄን በ50 ብር በ50 ብር ነው የተማርኩት። መሸለም ካማረህ ቦታ ሸልም፣ የወሩ ምርጥ ዓረፍተ ነገር የጻፈች ልጅ ካርታው ላይ ወንዝ በስሟ ይጠራላት።

ሌላው ያየሁት ነገር፣ 23 ቶፒክ ከፍተሃል። ቴሌግራም ግሩፕን በቶፒክ መከፋፈል በፈረንጆቹ 2022 ሲፈቅድ ሁላችንም አብደን ነበር፣ ይገባኛል፣ ግን 340 ሰው ለ23 ክፍል ሲበተን አዲስ የገባው ሰው የሚያየው 19 ባዶ ክፍል ነው፣ የተለቀሰበት ቤት ይመስላል። አራቱን ተውና ሌላውን ዝጋ። አታጥፋው፣ ከልለው። መንዝ ጓሳን ታውቀው የለ፣ አያቶቻችን ያንን ሳር ለ3 ለ5 ዓመት ይከለክሉት ነበር፣ ማንም አያጭድም ማንም ከብት አያስገባም፣ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሁሌ ክፍት ቢሆን እስከዛሬ ሳሩም ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ባልኖሩ። አንተም የቆላውን አገር ለሦስት ወር ከልለው፣ ወረርሽኝ ገባ በለው፣ መንገዱ ተናደ በለው፣ ሰው ስለ ቆላው እያወራ ይቆይ፣ ከዛ በአንድ ቀን ክፈተው።

መክፈቻና መዝጊያህን ደሞ ከሰዉ ኑሮ ጋር አስማማው። ሰኔ ላይ ሰው ጠፋ ብለህ ደንግጠሃል፣ ተጫዋቾችህ ተማሪ አይደሉ እንዴ፣ ፈተና ላይ ነበሩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ገጠር ቤተሰብ ያለው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። በነዚህ ጊዜ የሁለት መስመር በቅሎ ጥያቄ ብቻ ወርውር፣ ትልቁን ነገር ክረምት ላይ አድርገው፣ ዝናቡ ሰዉን ቤት ያስቀምጥልሃል። ጳጉሜን ግን እንዳታሳልፋት! ከወር ውጪ የሆኑ አምስት ቀኖች፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፣ እንዲ ዓይነት ጸጋ ፈረንጅ የለውም። በነዚህ ቀኖች የጨዋታው ሕግ ሁሉ ይገልበጥ፣ የሞተ ካራክተር ይናገር፣ ጠላት የሆኑት ካራክተር ተለዋውጠው ይጻፉ፣ አንተ ከአድሚንነት ወርደህ ተራ እረኛ ሁን፣ መስከረም 1 ሲጠባ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስ። እኔ ጌሜን ከመግደሌ በፊት ይሄን አንዴ አድርጌው ነበር፣ ስድስት ወር ዝም ብሎ ሲያነብ የነበረ አንድ ልጅ ሞቶ የተረሳ ፈረስ ሆኖ ጻፈ፣ እስከዛሬ ከዛ የተሻለ ጽሑፍ ግሩፕ ላይ አላየሁም።

ትንሽ ነገር ደሞ፣ ታሪኩ የሚጻፍበት ቶፒክ ላይ «ሃሃሃ» እና «አለሁ» እየተጻፈ ጽሑፉ ይዋጣል፣ ስሎው ሞድ የሚባለውን አብራው፣ አንድ ሰው በ15 ደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲጽፍ፣ ግሩፑን በሙሉ ስለሚይዝ ግን ለወሬው ለብቻው ሌላ ግሩፕ ክፈትላቸው። ፖስትህንም ቀን ላይ ጽፈህ ሰዓት ሙላለትና ማታ ራሱ ይውጣ፣ ቴሌግራም ይሄን ይችላል።

እና እጮኛህ። እሷ እንኳን እውነቷን ነው ወንድሜ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሚጽፍ ሰው ግሩፑን ነው ያገባው። በሳምንት ሁለት ፖስት ይበቃሃል፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ከዛ በላይ ከጻፍክ ሰዉን እያስነሳህ ሳይሆን እያስቀመጥክ ነው። ፈቃደኛ ከሆነች ደሞ የበቅሎዋን ጥያቄ አሳያት፣ እንድትጫወት ብለህ አትለምናት፣ ስልኩን ብቻ ሰጥተሃት ቡና አፍላ።

ለማንኛውም በቅሎዋን እኔ አይቻታለሁ። ትናንት ሲመሽ ከዋሻው አፍ በስተቀኝ ቆማ ነበር፣ ኮርቻዋ ዞሮ ሆዷ ስር ተንጠልጥሏል፣ ደብዳቤው ግን የለም፣ አጠገቧ አንዲት ሴትዮ ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች፣ የነጋዴውን ስም ስጠራባት ቆሎውን አቆመች። ሁለት መስመሬን አለፍኩ መሰለኝ፣ አይቆጠርልኝ።